በቅሎዋን የጠጣው የሻይ መኪና

ያ የሻይ መኪና የፈጀብኝ ይህን ነው፦ አንዲት ዳማ በቅሎ ከነኮርቻዋና ከነልጓሟ፣ ክረምቱን ሙሉ ቤት ሊያሞቅ የሚችል የባሕር ዛፍ እንጨት፣ አንድ ጋን ጠጅ፣ ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ የነበረኝን የብልጥ ነጋዴ ስም፣ በመጨረሻም ባለቤቴ «አንቱ» የምትልበትን አንደበት። ይህን ሁሉ የበላብኝ ጣሊያን አይደለም። ጣሊያን ቢበላብኝማ ሰው ያዝንልኝ ነበር። የእኔን ንብረት የበላው ውሃ ነው፤ ንጹሕ፣ ቀዝቃዛ፣ ከቧንቧ የሚወርድ ውሃ።

ከዚያ በፊት ሥራዬ ከጉንደ ወይን ቅቤና ማር፣ ከአማኑኤል እህል እያመጣሁ ደብረ ማርቆስ መሸጥ ነበር። ትምህርቴን የጨረስኩት ገበያ ውስጥ ነው። ሚዛን ላይ አውራ ጣቱን የሚያሳርፍ ሰው ገና ሲመጣ ከአረማመዱ አውቀዋለሁ። ጣሊያን ከተማውን በሽቦ አጥሮ በየበሩ አስካሪ የሚባለውን ቅጥር ወታደሩን ሲያቆም፣ ከሽቦው ወዲያ ያለውን መንገድ ደግሞ አርበኞች ሲይዙት፣ ንግዴ መሐል ቤት ቀረ። ስወጣ በረኛው ለሽፍታ ስንቅ ልታቀብል ነው ይለኛል፤ ገጠር ስደርስ ደግሞ ለጣሊያን ወሬ ልትለቅም መጣህ እባላለሁ። በአንድ ነገር ብቻ ይስማማሉ፤ ሁለቱም ቅቤዬን ሳይመዝኑ ይወስዳሉ። ስለዚህ እቤቴ ቁጭ አልኩ።

አብራኝ ቁጭ ያለችው በቅሎዋ ነበረች። በቅሎዋ የእኔ አልነበረችም፤ የባለቤቴ ናት። አባቷ ሲድሯት ከነኮርቻዋ የሰጧት የግል ከብቷ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ እሳቸው ስላረፉ በቅሎዋ ላይ የአባት መታሰቢያም ተጭኖባታል። የባለቤቴ አገር ቁይ ነው። እዚያ ደግሞ በበቅሎ ተቀምጣ የተዳረች ሴት በእግሯ ዘመድ ቤት ከገባች፣ ባሏ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ጠያቂ የለም፤ ሁሉም ያውቃል። ይህን እያወቅኩ ነው የነገድኩባት።

መስከረም ላይ ነው። የጦሩን የጭነት መኪናዎች የሚጠግን አንድ ጣሊያናዊ መካኒክ አሮጌ የሻይ መኪና እንደሚሸጥ ሰማሁ። የሻይ መኪና የምንለው ቁመቱ እስከ ወገብ የሚደርስ የመዳብ ዕቃ ነው። ከሥሩ እሳት ይነድበታል፤ ከላይ ክዳን አለው፤ ጎኑ ላይ የነሐስ ቧንቧ ተተክሎለት ውሃው በዚያ ይቀዳል። የመኮንኖች ወጥ ቤት ሲጠቀምበት ኖሮ አዲስ ሲመጣለት የጣለው ነው። መካኒኩ ገንዘብ አልፈለገም። አንድ መኮንን በቅሎ ስለሚፈልግ እሱን ማስደሰት ፈልጓል። አማርኛው ግማሽ ነው፤ የጎደለውን በእጁ ይሞላል። ከተማው መሐል አዲስ የተተከለውን ቦኖ እያሳየ፣ ውሃው ደጅህ ድረስ መጥቷል፣ ወንዝ መውረድ ቀርቷል፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ የሚል ንግግር በአሥር ጣቱ አደረገልኝ።

ዕቃውን እንደ ከብት መረመርኩት። በጣቴ አንኳኳሁት፣ ጆሮዬን ለጠፍኩበት፣ ቧንቧውን ከፍቼ ዘጋሁት፣ ክዳኑን አንስቼ ወደ ውስጥ አየሁ። ውስጡ ከላይ እስከ ታች ነጭ ልብስ ለብሷል። ልቤ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። እኛ አገር አዲስ ድስት ሳይሟሽ ምንም አይቀቀልበትም፤ ጎመን ዘሩም ቅጠሉም ተቀቅሎበት፣ ውስጡ ለብሶ፣ ቀዳዳው ሁሉ ተደፍኖ ነው ዕቃ የሚባለው። ሰው ቤት ለዓመታት የተሠራበት የተሟሸ ድስት ከአዲሱ ይበልጣል። እንግዲህ ጣሊያን አሟሽቶ፣ ለዓመታት አልፍቶ፣ ሞኝ ሆኖ ጣለው ማለት ነው። ከፊቴ ላይ ደስታዬን አጥፍቼ፣ ውስጡ አርጅቷል ብዬ ኮርቻውን ላለመስጠት ተከራከርኩ። መካኒኩ ኮርቻውንም ወሰደ።

ባለቤቴ በበጎ ቀን አንቱ፣ ስትቆጣ ደግሞ ዝም ነው የምትለኝ። ያን ቀን ብዙ ዝም አለች። እኔ መንገድ እስኪከፈት ሻይ እንደምንሸጥ፣ ጥር ላይ ለሚሆነው ለእኅቷ ሠርግ ከዚያች የተሻለች በቅሎ ላይ ተቀምጣ ቁይ እንደምትገባ ነገርኳት። አባቷን ጠርቼ ማልኩላት።

«እንግዲህ አንቱ ካሉ ይሁን» አለች። «ግን ጥር ሩቅ አይደለም።»

ሻይ ቤቱን ደጃችን ላይ ከፈትኩ። መጀመሪያ ነገሩ ሰመረ። የይለፍ ወረቀት የሚጠብቅ ባላገር፣ ሾፌር፣ አስካሪ፣ ገበያተኛ፣ ሁሉም ቁጭ ይላል። ስኳርና ሻይ ቅጠል የምገዛው ከጎረቤቴ ነው፤ ጨርቅም ስኳርም የሚሸጥ፣ ከመስጊድ ሲመለስ ሁልጊዜ አንድ ብርጭቆ የሚጠጣ ሙስሊም ነጋዴ። ማታ ማታ ለበቅሎ የሚሆነውን ጠገራ ብር ማሰሮ ውስጥ እጥላለሁ። ባለቤቴ ማሰሮውን አንሥታ ትመዝንና መልሳ ታስቀምጣለች፤ አንድም ቀን አልቆጠረችም፤ በእጇ ታውቀዋለች።

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ለሠርጉ ጨርቅ ሊገዙ ከቁይ የመጡት በዚያ ሰሞን ነው። መንገዱ ተዘጋና እኛው ዘንድ ቀሩ። እንደ አገራችን ወግ አማትና አማች ፊት ለፊት አይነጋገሩም፤ አማቴ እኔን ሊገሥጹኝ ሲፈልጉ ለልጃቸው ይናገራሉ፣ እኔ ደግሞ ግድግዳውን እያየሁ እሰማለሁ። ቤታችን ጠባብ ስለሆነ አስተርጓሚ አያስፈልገንም ነበር፤ ወጉ ግን ወግ ነው።

ከውሃው ጋር ቀድማ የተጣላችው ባለቤቴ ናት። የቦኖው ውሃ ሳሙና አላረፋ አለ። ነጠላዋን ስታጥብበት አመድ የነካው ይመስላል። ሽምብራ ጠዋት ተጥዶ ማታ እንደ ጠጠር ይሽከረከራል። ይህ ውሃ አመሉ ከፍቷል ብላ ነገረችኝ። እኔ ውሃ አመል የለውም፣ ሽምብራው የአምና ነው አልኳት። ሽምብራውን የገዛሁት እኔ ስለነበርኩ ይህ መልስ ለእኔም አልጠቀመኝም።

ቀጥሎ የተናገረው ጎረቤቴ ነው። አንድ ጠዋት ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አነሣና ብዙ አየው። ሻዩ ላይ ስስ ነገር ተንሳፍፏል፤ ብርጭቆዎቹም ምንም ቢታጠቡ ጭጋግ የያዛቸው ሆነዋል።

«ወንድሜ፣ ሻይህ ዓይኑ ሞራ ለብሷል። ሐኪም አሳየው» አለኝ።

ጠጥቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ግን ከመስጊድ ሲመለስ በወዲያኛው መንገድ መዞር ጀመረ።

የሻይ መኪናው ውስጥ ያለው ነጭ ልብስ ደግሞ ወፈረ። መጀመሪያ እንደ ወረቀት፣ ቀጥሎ እንደ እንቁላል ቅርፊት፣ ቀጥሎ እንደ ኖራ የተለሰነ ግድግዳ ሆነ። ባለቤቴ አመድና ሻካራ ድንጋይ ይዛ ልትፍቀው ጎንበስ ስትል አማቴ ከምድጃው ዳር ተናገሩ። ለእሷ ነው የተናገሩት፤ የታዘዝኩት እኔ ነኝ።

«ልጄ፣ ለጌታሽ ንገሪልኝ። የተሟሸ ዕቃ አይፋቅም። ከተፋቀ ወዲያ ዕቃ አይሆንም።»

እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነበር። ድንጋዩን ከባለቤቴ እጅ ቀማሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያ ቅርፊት ዘበኛ ሆንኩ። ማንም ማንኪያ እንኳ እንዳያስነካው ክዳኑን በገመድ አሠርኩት። ጣሊያን ከተማውን እንዲያ አልጠበቀውም።

ውሃው መፍላት ሰነፈ። ጥቅምት ላይ ቅዳሴ ሳይወጣ ይፈላ የነበረው፣ ኅዳር ላይ ፀሐይ ወጥታ ሰው ገበያ ገብቶ ገና እያሰበበት ነው። እንጨቱን እጨምራለሁ፤ እሳቱ ይነዳል፤ መዳቡ ከውጭ ይቀላል፤ ውሃው ግን ከዚያ ቅርፊት ወዲያ ሆኖ ጉዳዩ የሌላ ሰው ይመስል ለብ ብሎ ይቀመጣል። የእንጨት ሻጮች ደጄን ለመዱት። ማሰሮው ውስጥ የገባው ጠገራ እየወጣ ወደ እነሱ ሄደ። ባለቤቴ ማታ ማሰሮውን ታነሣለች፤ ከትናንቱ ይቀላል፤ መልሳ ታስቀምጣለች። ብትቆጥረውና ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የነሐሱ ቧንቧም ጉሮሮው ተዘጋ። ጠዋት ጠዋት በወስፌ ስከፍትለት፣ ለጊዜው ያስነጥስና እንደ ሽማግሌ ሽንት ጠብ ጠብ ይላል። አንድ ብርጭቆ እስኪሞላ ሾፌር መኪናውን አስነሥቶ ይሄዳል።

ይባስ ብሎ መጮህ ጀመረ። ቅርፊቱ ከውስጥ ሲሰነጠቅ እንደ ጥይት ጧ ይላል። አንድ ቀን አራት አምስት አስካሪዎች ተቀምጠው ሳለ ጧ ሲል ሁሉም መሬት ላይ ተኙ። አንዱ በደረቱ እየተሳበ ከአማቴ አልጋ ሥር ገባ። እኔ ብቻዬን ቆሜ ቀረሁ፤ ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ድምፁን ስለማውቀው ነው። ሲነሡ አቧራቸውን አራግፈው፣ ቤትህ ሽፍታ አለ ብለው ፈተሹ፤ ያገኙት ባለቤቴ በእንስራ ያስቀመጠችውን ጠጅ ነው። የሻያቸውን ሳይከፍሉ፣ የጠጁንም ሳይጠየቁ ሄዱ።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው በቅሎዋ ናት። መኮንኑ ማለዳ ማለዳ ተቀምጦባት በደጃችን ያልፋል። በቅሎዋ ደግሞ ቤቷን አልረሳችም፤ ደጃችን ስትደርስ ቀጥ ብላ ትቆማለች። መኮንኑ በጫማው ይጎስማታል፣ በቋንቋው ይሰድባታል፣ እሷ ጆሮዋን ወደ ቤታችን አዙራ ትጠብቃለች። ባለቤቴ ወጥታ ግንባሯን ዳበስ ታደርግና «ሂጂ» ስትላት ትሄዳለች። መኮንኑ ለባለቤቴ ባርኔጣውን ያነሣል። ለእኔ ማንም ምንም አያነሣም።

ገና አለፈ። ሠርጉ ቀረበ። ማሰሮው ውስጥ ያለው ለበቅሎ ቀርቶ ለበቅሎ ጭራ አይበቃም። አንድ ቀን እንጨቱ ነዶ ነዶ አልቆ ውሃው ጣት ሲገባበት እንኳ ያልተቆጣ ጊዜ፣ ተነሥቼ ወደ መካኒኩ ጋራዥ ሄድኩ። በቅሎዋን ካልመለስክ ልለው ነው። ካልመለስክ ምን እንደምለው ግን መንገድ ላይ አልመጣልኝም።

ስደርስ የመኪና አፍንጫ ከፍቶ ከበርሜል ውሃ እየቀዳ ያጠጣዋል። ውሃው ደፍርሷል፤ ቅጠል ሁሉ አለበት። ቦኖው እኮ ከጋራዡ በር ፊት ለፊት ነው፤ ብርሌ የመሰለ ውሃ ይወርድበታል። ይህን ከየት አመጣኸው አልኩት። ከወንዝ ነው፤ አስካሪዎች ናቸው ከሽቦው ውጭ ወርደው የሚቀዱለት። ታዲያ የቦኖውን ለምን አታጠጣውም አልኩት። መካኒኩ ከወለሉ ላይ አንድ የመኪና ቱቦ አነሣና ወደ ብርሃን ያዘልኝ። በአንደኛው ጫፍ አየሁ፤ በሌላው በኩል ምንም አይታይም። ያ የማውቀው ነጭ ቅርፊት ጥርቅም አድርጎ ደፍኖታል።

«ይህ ውሃ ድንጋይ አለው» አለ። «ሲፈላ ድንጋዩ ይቀራል። መኪና ይገድላል።»

«ለእኔስ ለምን አልነገርከኝም?»

«አንተ የጠየቅከው መዳቡን ነው። ውሃውን አልጠየቅክም።»

እውነቱን ነው። ይህ ነው ያናደደኝ። ገበያ ላይ እኔ ለስንቱ ያልኩትን ቃል፣ በግማሽ አማርኛ መልሶ ሸጠልኝ።

ሲያየኝ ግን ትንሽ አዘነ መሰለኝ፤ መፍትሔውን ነገረኝ። አቼቶ ይሉታል፤ ድንጋዩን ይበላዋል። ከመደርደሪያው ጠርሙስ አውርዶ አፍንጫዬ ሥር ያዘልኝ። የሚገኘው ከመኮንኖች መጋዘን ብቻ ነው፤ እሱ ያመጣልኛል፤ በምን እንደምከፍለው ሲያስብ ዓይኑ ወደ ነጠላዬ ሄደ። እኔ ግን ሽታውን አወቅኩት። የቆመጠጠ ጠጅ ነው። እሱማ ቤቴ አንድ ጋን ሙሉ አለ።

ጠጁ የሠርጉ ነበር። ባለቤቴ ለእኅቷ የጣለችው፣ በዚያ ውሃ ይሁን በሌላ አላውቅም፣ ቆምጥጦባታል፤ ማር ጨምራ ልታቃናው አስባ አስቀምጣዋለች። ለምኜ ወሰድኩት። የሻይ መኪናው ከተፈወሰ ሥራው በአንድ ሳምንት እንደሚያንሠራራ፣ ይህን ዓይቶ ጎረቤቴ ለበቅሎ መግዣ እንደሚያበድረኝ አስረዳኋት። እሷ ማስረዳቴን አልሰማችም፤ የጋኑን ክዳን ነው ያነሣችልኝ።

«ይውሰዱት» አለች። «ከበቅሎዋ አይበልጥም።»

አማቴ ለልጃቸው ተናገሩ። የተሟሸ ዕቃ አይፋቅም አሉ፤ በጠጅም ቢሆን። አስተርጓሚዋ አላስተላለፈችም፤ እኔም እንዳልሰማ ሆንኩ።

ጠጁን ገልብጬ ከሥሩ እሳት አነደድኩበት። ነገሩ ወዲያው ሰመረ ማለት ይቻላል። ውስጡ ፍሽሽ አለ፣ አረፋ ክዳኑን አነሣ፣ ቤቱ ዓይን በሚያቃጥል ሽታ ተሞላ። በማግስቱ ስደፋው እንደ ኖራ ጭቃ የመሰለ ወጣ። ደግሜ በቀረው አፈላሁት፤ ደግሜ ደፋሁት። ከዚያ ክዳኑን አንሥቼ ወደ ውስጥ ሳይ መዳቡ እንደ አዲስ ቀለበት ቀልቶ ያበራል። ቧንቧው ተከፍቷል። ያለኝን የመጨረሻ ስኳር ለአንድ አስካሪ ሰጥቼ የወንዝ ውሃ አስቀዳሁ። ጎረቤቴን ጠራሁት። አማቴ ከምድጃው ዳር አልተነሡም። እሳት አነደድኩ፣ ውሃውን ሞላሁ፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ቆምኩ።

እሳቱ ጠፋ።

መጀመሪያ እንጨቱ እርጥብ መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ውሃው ከሥሩ ይወርዳል፤ ከአንድ ቦታ አይደለም፣ እንደ ወንፊት ነው። ያ ዕቃ ድሮ ተበሳስቶ በእርሳስ ተበይዷል፤ ብየዳውም አርጅቶ ወላልቋል። ውሃውን እስካሁን የያዘው ቅርፊቱ ነበር። የመኮንኖቹ ወጥ ቤት የጣለውም ለዚህ ነው። ጠጁን ለምኜ፣ እንጨቴን አንድጄ፣ የያዘልኝን ብቸኛ ነገር እኔው አጠብኩት። አመዱ ረጠበ፣ ጭሱ ወደ ቤት ገባ፣ ጎረቤቴ ጫማውን ከውሃው አነሣና አላህ ይተካልህ ብሎኝ ወደ ሱቁ ሄደ። ብድር የሚባል ነገር አላነሣሁበትም።

አማቴ ያን ጊዜ ቀና አሉ። ልጃቸው ከተዳረች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እሷን አልፈው ፊት ለፊት አዩኝ።

«አይፋቅም ብዬ ነበር» አሉ።

እኔ ወጉን ጠበቅሁ። ግድግዳውን አየሁ።

ለሠርጉ የይለፍ ወረቀት አግኝተን ስንነሣ ማለዳ ነበር። ጨርቁንና ስንቁን አሥረን ደጅ አውጥተናል። መኮንኑ እንደ ልማዱ መጣ፤ በቅሎዋ እንደ ልማዷ ቆመች። ባለቤቴ ሄዳ ግንባሯን ዳበሰቻት፤ ዛሬ ግን «ሂጂ» ከማለቷ በፊት ብዙ ቆየች። መኮንኑም አልጎሰማትም። በቅሎዋ ከሄደች በኋላ ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ሰው፣ ና ሸክሙን ያዝ።»

ያዝኩ። ቁይ የገባነው አድረን ነው፤ አማቴ ከፊት፣ ባለቤቴ ከመሐል፣ እኔ ሸክም ይዤ ከኋላ፣ ሁላችንም በእግራችን። የሠርጉ ዳስ ሙሉ ሰው ነበር። አንዲት የባለቤቴ አክስት እግሯ ላይ ያለውን አቧራ አይተው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ በቅሎዋ የት ደረሰች ብለው ጠየቁ። ታማለች ትላለች፣ ጣሊያን ወሰዳት ትላለች ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ጣሊያን ወሰዳት ብትል እንኳ ውሸት አይሆንባትም ነበር።

«ጌታዬ ሻይ አፈላባት» አለች።

ዳሱ ሳቀ። ሙሽራዋም ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ።

ጣሊያን ሲወጣ መኮንኑ በቅሎዋ ላይ ተቀምጦ ሄደ፤ ወዴት እንደደረሱ አላውቅም። መዳቡ ጓሮ ተጥሎ ዶሮ ታቀፈችበት። የነሐሱን ቧንቧ ባለቤቴ ነቅላ የጠላ በርሜሏ ላይ አስተከለችው።

ወጪ፣ አንዲት በቅሎ። ገቢ፣ አንድ ቧንቧ። ቧንቧው ያንጠባጥባል። «አንተ» እንደተባልኩ ነኝ።